አዲስ የፍሬን ሸራ ብቻውን ለዓባይ ቁልቁለት ዋስትና እንደማይሆን

ከአዊ ዞን ከተሞች ከዳንግላና ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ደጀንን እንዳለፈ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ሥፍራ ፍሬን ያለ ፋታ ሲረገጥ ዲስኩም ሸራውም ይግላሉ፤ እርጥበት የመጠጠ የፍሬን ዘይት ደግሞ ፈልቶ ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ ፔዳሉ ይሰምጣል። ዶት 3 ለተሰኘው ዘይት የተቀመጠው ዝቅተኛ የመፍያ መጠን አዲስ ሳለ 205፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

ቅያሪውን በግቢ ውስጥ ማከናወን ይቻላል፤ በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር መግባት ግን አደገኛ ነው። አየር ለማስወጣት ረዳቱ ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ማስወጫው ቡሎን ይከፈታል፤ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዘጋል። በዚህ መካከል የማጠራቀሚያው ዘይት ከጎደለ አየር ተመልሶ ስለሚገባ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ሸራው ብቻ በተቀየረበት ጊዜም ቢሆን ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ሳይረገጥ መኪናውን ማንቀሳቀስ አይገባም።