«አጥንቱ መንዜ ነው» ወይስ «የገረድ ልጅ ነው»? የምኒልክ ትውልድ፦ ተረትና እውነታ

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳም ሆነ ሞላሌ ላይ፣ የነገሥታት ወሬ ከተነሣ «ምኒልክ የኛው ልጅ ነው፤ አጥንቱ መንዜ ነው» የሚል አይጠፋም። ራቅ ሲሉ ደግሞ ሌላው ይሰማል፦ «እናቱ ገረድ ነበረች፤ ዙፋን አይገባውም ነበር»። (ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ተረት፦ ምኒልክ መንዝ ተወለዱ፤ ዘራቸውም ከአባት ወደ አባት እየወረደ የመጣ የመንዝ ዘር ብቻ ነው።

እውነታ፦ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 አንጎለላ ነው። አንጎለላ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአብቹ ኦሮሞ ጠረፍ ያቆሙት ከተማ ነበር። መንዝ ያለው ከላይ፣ ከግንዱ ነው። የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመንዝ ጌራ ምድር፣ ከአጋንቻ ተነሡ። ከአፄ ልብነ ድንግል ልጅ ከያዕቆብ መወለዳቸውን የሚናገረው የቤተ መንግሥቱ ትውፊት ነው። ልጅ ልጆቻቸው ወደ ይፋት፣ ወደ አንኮበር፣ ኋላም ወደ አንጎለላ እየወረዱ ሲሄዱ ጋብቻውም አብሮ ሰፋ። ከነጋሲ እስከ ምኒልክ ዘጠኝ ትውልድ ነው፤ በዚህ ሁሉ መካከል ሚስት ከመንዝ ብቻ ተወሰደ ብሎ መከራከር አያዋጣም። መንዝ ራሱ ወደዚህ ቤት ተመልሶ የገባው በሴት ነው፦ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ የመንዝ ሰው ነበሩ፤ ሰላ ድንጋይ ተቀምጠውም ሰፊ ግዛት ያስተዳድሩ ነበር።

ተረት፦ የምኒልክ እናት እጅጋየሁ ገረድ ስለነበሩ ልጃቸው መብት አልነበረውም።

ይህኛው ሰፋ አድርገን ልናየው የሚገባ ነው። ወይዘሮ እጅጋየሁ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ባለቤት በወይዘሮ በዛብሽ ቤት ያገለግሉ እንደነበር ይተረካል። ከማሕፀኔ ፀሐይ ስትወጣ አየሁ ብለው ሕልማቸውን ቢናገሩ በዛብሽ ሰምተው ወደሚወዱት ልጃቸው ወደ ሰይፉ ላኳቸው፤ እሱ ልቡ ሌላ ዘንድ ስለነበር ወደ ወንድሙ ወደ ኃይለ መለኮት አሳለፋቸው፤ ምኒልክ ተወለዱ ይባላል። ሕልሙ ከንግሥና በኋላ የሚያምር ሕልም ነው፤ እኔ ብዙ አልደገፍበትም። የእጅጋየሁ ወገን ከየት ነው የሚለውም እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የማያከራክረው የሆነው ነገር ነው። በ1848 የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ የሸዋ መኳንንት የተሰበሰቡት የ11 ዓመቱን ልጃቸውን ምኒልክን ይዘው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ማርከው መቅደላ ሲወስዱት እንደ መስፍን ልጅ አሳደጉት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ፣ አገሩን ይዞ የነበረውን በዛብህን ሕዝቡ እየተወ ወደ ምኒልክ ዞረ። የምኒልክን እናት ሥራ ጠይቆ ወደ ኋላ ያለ የለም።

ምክንያቱን መንዝ የርስት ሙግት ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ተሟጋቹ ዳኛ ፊት ቆሞ ከአቅኚው አባት ጀምሮ ይዘረዝር ነበር፤ እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች እያለ እስከ ራሱ ይወርድ ነበር። መሐሉ ላይ ሴት ስለገባች ሐረጉ አይበጠስም ነበር፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን እስኪያስቀር ድረስ መንዜ በአባቱም በእናቱም እየቆጠረ መሬት ይጠይቅ ነበር። ቤተ መንግሥቱም ይሠራ የነበረው እንዲሁ ነው።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1828 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ የቼሮኪ ሕዝብ ዋና አለቃ የነበረው ጆን ሮስ ከስምንት ቅድመ አያቶቹ ቼሮኪ የነበረችው አንዷ ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ ስኮትላንዳውያን ናቸው። ቼሮኪዎች ግን ወገን ይቆጥሩ የነበረው በእናት ስለሆነ፣ የዚያች ሴት ሐረግ በእናቱ በኩል ስለወረደለት ሙሉ የነሱ ሰው ነበር። እነሱ በእናት ብቻ ይቆጥሩ ነበር፤ ሸዋ በሁለቱም።

ተረት፦ ከምኒልክ በኋላ የነገሡት በአባት ወገን የንጉሥ ዘር ናቸው።

እውነታ፦ አንዷ ብቻ ናቸው፤ ንግሥት ዘውዲቱ። ልጅ ኢያሱ የወሎው ራስ ሚካኤል ልጅ ናቸው፤ ከምኒልክ የሚያገናኛቸው እናታቸው ሸዋረጋ ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከሣህለ ሥላሴ የሚገናኙት በአባታቸው እናት በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ነው፤ በእናታቸው በወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ በኩል ደግሞ ወሎ ይገባሉ። ሆኖም የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ዙፋኑን ሲያጸና የሣህለ ሥላሴን ስም ጠርቶ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ኢያሱ ሲሻሩ የቀረበባቸው ክስም ስለ ሃይማኖታቸው ነበር፤ በሴት በኩል መጡ ብሎ የከሰሳቸው የለም።