መሣሪያ ሠሪውም ይሸለማል

ገበሬ ጥሩ ምርት ሲያገባ ሁሉም ያደንቀዋል። ማረሻውን የቀጠቀጠውን ሰው ግን ማን ያስታውሰዋል? ማረሻ ከሌለ እርሻ የለም። የሳይንስ ሥራም እንደዚሁ ነው። በሽታን የሚመረምር ሰው መሣሪያ ያስፈልገዋል። ዛሬ መሣሪያ ሠርቶ ስለተሸለመ አንድ ሳይንቲስት እንነግራችኋለን።

ስሙ ማኑ ፕራካሽ ይባላል። ተወልዶ ያደገው በሕንድ አገር ነው። የሚሠራው ግን በአሜሪካ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በዓይናችን የማናያቸው ብዙ ጥቃቅን ሕያው ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ በሽታ ያመጣሉ። የወባ ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ ይኖራል፤ በዓይን ግን አይታይም። የሚታየው ማይክሮስኮፕ በሚባል መሣሪያ ነው። ማይክሮስኮፕ ትንሹን ነገር አጉልቶ ያሳያል። ጤና ጣቢያ ደም ስትሰጡ፣ ባለሙያው ጎንበስ ብሎ የሚያይበት መሣሪያ እሱ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ማይክሮስኮፕ ውድ ነው። ከባድ ነው። ብዙውን ጊዜም የኤሌክትሪክ መብራት ይፈልጋል። ማኑ በየአገሩ ሲዘዋወር ተበላሽተው የተቀመጡ ማይክሮስኮፖችን አየ። በአንዳንድ ቦታማ ጭራሹኑ የለም።

ስለዚህ ከተማሪው ከጂም ሲበልስኪ ጋር ሆኖ መላ ፈለገ። መሣሪያውን በወረቀት ሠሩት! ወፍራም ወረቀት ይቆረጣል፤ ከዚያም ይታጠፋል። በመካከሉ አንዲት ትንሽ ድቡልቡል መስተዋት ትገባለች። የምታጎላው እሷ ናት። ሰው መሣሪያውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ወደ ብርሃን ዞሮ ያያል። ስሙንም ፎልድስኮፕ አሉት።

ሁለቱ ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ይህን ሥራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 አሳተሙ። የፎልድስኮፕ ክብደቱ 10 ግራም አይሞላም። በብዛት ሲሠራ የዕቃው ዋጋ ከ1 የአሜሪካ ዶላር በታች ነው። በእግር ቢረገጥ እንኳ አይሰበርም።

በ2016 ማክአርተር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ማኑን ሸለመው። ያን ጊዜ ዕድሜው 36 ዓመት ነበር። ሽልማቱ ያን ጊዜ በ5 ዓመት ውስጥ የሚከፈል 625,000 ዶላር ነበር። ገንዘቡን ለምን እንደሚያውለው የሚያዘው የለም። በ2022 ደግሞ ማኑና ጂም የወርቅ ዝይ የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ይህ ሽልማት የሚሰጠው፣ ሲጀመር ቀልድ ለሚመስል፣ ኋላ ግን ሰውን ለጠቀመ ምርምር ነው።

ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፎልድስኮፖች ከ100 በሚበልጡ አገሮች ተሠራጭተዋል። ልጆች የኩሬ ውሃ ጠብታ ያዩበታል። ውሃው የጠራ ይመስላል። በመሣሪያው ሲታይ ግን ሕያው ነገሮች ይዋኙበታል። ይህን ያየ ልጅ፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚባለው ለምን እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል።

ግን ልብ በሉ። ይህ መሣሪያ ሐኪምን አይተካም። ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

እኛ ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ያወቀ ሰው ይመሰገናል። ሌላው እንዲያውቅ መሣሪያ የሠራም ምስጋና ይገባዋል።

ለውይይት
1. ማኑና ጂም ማይክሮስኮፑን በወረቀት የሠሩት ለምንድን ነው?
2. የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ወይ?
3. በመንደራችሁ መሣሪያ የሚሠሩልን እነማን ናቸው? እናመሰግናቸዋለን ወይ?