የደም ግፊቱ ደህና ነው፤ ላክቴቱስ?

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ማሽን የደም ግፊቱ ልክ መሆኑን ስላሳየ ብቻ ሕመምተኛው ከአደጋ ወጥቷል ማለት አይቻልም። ሰውነት ሲጨንቀው የቆዳንና የአንጀትን ደም ሥሮች አጥብቦ ለልብና ለአንጎል ያደላል፤ ግፊቱም ለጊዜው ደህና ይመስላል። ኦክስጅን ያጠራቸው ሕዋሳት ግን ስኳርን ያለ ኦክስጅን መጠቀም ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ የሚመረተው ላክቴት ደም ውስጥ ይጠራቀማል።

ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ሰው በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ ያለው ላክቴት ከ2 ሚሊሞል አይበልጥም። ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐን ዮሴፍ ሼረር እ.ኤ.አ. በ1843 በወሊድ ትኩሳት ከሞቱ ሴቶች ደም ውስጥ አግኝቶታል። በ1970 ደግሞ ማክስ ሃሪ ዌይልና ባልደረባው አፊፊ ሾክ ውስጥ የገቡ፣ ማለትም ደም ለአካላቸው በበቂ መጠን የማይደርስላቸው ሕሙማንን አጥንተው፣ ላክቴቱ ከ2.1 ወደ 8 ሲያሻቅብ የመትረፍ ዕድሉ ከ90 ወደ 10 በመቶ እንደሚያሽቆለቁል አሳዩ።

አስደንጋጭ ቁጥር ነው፤ ቢሆንም ብቻውን አይታመንም። የ400 ሜትር ሯጭ ውድድሩን ሲጨርስ ላክቴቱ ከ15 ሊያልፍ ይችላል፤ ጥቂት ካረፈ በኋላ ይወርዳል። የሚጥል በሽታ የጣለውም ሰው እንዲሁ ነው። አድሬናሊን የተሰጠው ወይም ጉበቱ የደከመ ሕመምተኛ ደግሞ የኦክስጅን እጥረት ባይኖርበትም ላክቴቱ ከፍ ሊል ይችላል። ላክቴት በራሱ መርዝ አይደለም፤ እንዲያውም ልብ እንደ ነዳጅ ይጠቀምበታል። ስለዚህ እኔ ሐኪም ብሆን ከመጀመሪያው ይልቅ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ የሚለካው ሁለተኛው ውጤት ነው የሚያጓጓኝ፦ እየወረደ ነው ወይስ አልነቃነቅም ብሏል?

የናሙናው አያያዝም ነገር አለው። ቀይ የደም ሕዋሳት ሚቶኮንድሪያ ስለሌላቸው ብልቃጥ ውስጥ ሆነውም ላክቴት ማምረታቸውን አያቆሙም። ይህን ምርት የሚገታው ፍሎራይድ በሌለበት ብልቃጥ ተቀድቶ፣ በረዶ ላይ ሳይቀመጥ ወረፋ የጠበቀ ደም የሕመምተኛውን ሁኔታ ከእውነቱ አክፍቶ ያሳያል።

ላቦራቶሪው ሌሊት በሚዘጋበት ሆስፒታልስ? በአምስት የደቡብ አሜሪካ አገሮች ተካሂዶ በ2019 የወጣ አንድ ጥናት 424 የሴፕቲክ ሾክ (በኢንፌክሽን የመጣ ሾክ) ሕሙማንን ለሁለት ከፈለ። የአንዱ ቡድን ሕክምና በላክቴት ተመራ፤ የሌላው በጣት። የጣቱ ምርመራ ቀላል ነው፦ የማይክሮስኮፕ ስላይድ የቀኝ ሌባ ጣት ጫፍ ላይ ለ10 ሰከንድ ተጭኖ ሲለቀቅ፣ የነጣው ቆዳ በ3 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም። በ28 ቀን ውስጥ ከላክቴት ቡድን 43.4 በመቶ፣ ከጣት ቡድን 34.9 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መስፈርት ጣትን አሸናፊ ለማድረግ ጥቂት ቀርቶታል፤ ላክቴት ግን አልበለጠም።