ጠባቂው መደቡን ሲያኝክ

ከጣና በስተሰሜን በተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ፣ በቆላ ድባና በአካባቢው፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ገበያ የሚወጡ ሰብሎች ናቸው። በጓሮው የበርበሬ ችግኝ የሚያፈላ ሰው፣ ግቢ እንዲጠብቅለት ያሳደገው ቡችላ መደቡን ሲያኝክበት የሚከስረው የዘሩን ዋጋ ብቻ አይደለም። ችግኙ ለመዛወር ከ50 እስከ 60 ቀን ስለሚፈልግ እንደገና ቢዘራ ክረምቱ ያመልጠዋል።

ቡችላ ይበልጥ የሚያኝከው ጥርሱን በሚለውጥበት ጊዜ፣ ማለትም ከ3 እስከ 7 ወር ባለው ዕድሜው ነው። ጥቂት ወራት ለሚቆይ ችግር የሽቦ አጥር መግዛት ታዲያ ምን ያዋጣል? መደቡን በአጋም እሾህ ማጠር፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ቡችላውን ማሰርና የሚያኝከው ወፍራም የጠፍር ቁራጭ መስጠት ይበቃል። ቅንጭብ ግን ወተቱ ዓይንና አፍ ስለሚያቃጥል ለዚህ አይሆንም። የበርበሬ ውሃ መርጨትም ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ነው።

ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ በመደቡ ዙሪያ መበተን ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳል። ተነቅሎ ግቢ ውስጥ የሚሰጣውም ቢሆን ከመሬት ከፍ ብሎ በቆጥ ላይ መዋል አለበት። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ሊታይ ይችላል፤ ድዱ የገረጣና ሽንቱ የጠቆረ ውሻ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ ይኖርበታል።