በኮምፕረሰር አየር የሚደርስ ጉዳት፦ ትንሿን ቀዳዳ አይናቋት

በጋራዥ፣ በጎሚስታ ወይም በእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ የሚተዳደር ሰው ቀኑን ሙሉ ከኮምፕረሰር አይርቅም። ማታ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት በዚያው አየር ልብሱንና ፀጉሩን ማራገፍም የተለመደ ነው። «አየር ምን ያደርጋል?» ብለው ግን አይዘናጉ። እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል በዚህ ሥራ ላይ ከሆናችሁ፣ ቀጥሎ ያለውን ማወቅ ጣትን፣ ዓይንን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ያተርፋል።

አየር እንዴት ይጎዳል?

የቤት መኪና ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ይሞላል። በኮምፕረሰር ውስጥ ያለው አየር ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ፒኤስአይ ይበልጣል። ይህ አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ፦

• አቧራና የብረት ስብርባሪ ወደ ዓይን ይረጫል።
• ጆሮ አጠገብ ከተነፋ የጆሮ ታምቡርን ሊቀድ ይችላል።
• በቁስል በኩል ከቆዳ ሥር ሊገባ ይችላል። ቦታው ያብጣል፣ ሲጫኑትም ይንኮሻኮሻል።
• አንዳንዶች ለቀልድ ብለው በጓደኛቸው መቀመጫ ላይ ይነፋሉ። አየሩ በልብስ አልፎ በፊንጢጣ ሊገባና አንጀትን ሊቀድ ይችላል። ይህ ለሞት የሚያደርስ ጉዳት ነው።

ግሪስ ወይም ቀለም ጣት ውስጥ ሲገባ

በኮምፕረሰር የሚሠራ የግሪስ ፓምፕ የአየሩን ግፊት በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። አንዳንድ የቀለም መርጫዎችም በጣም ከፍተኛ ግፊት አላቸው። ጫፋቸው ጣት ከነካ፣ ግሪሱ ወይም ቀለሙ ቆዳን በስቶ በጅማቶች አጠገብ እስከ መዳፍ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

አታላይ የሚያደርገው መጀመሪያ ላይ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ብቻ መሆኑ ነው። ሕመሙም ቀላል ሊሆን ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን ጣቱ ያብጣል፣ ይደነዝዛል፣ የደም ዝውውሩም ይታወካል። ሕክምናው ከዘገየ ጣቱ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ባያምዎትም የሚከተሉትን ያድርጉ፦

1. ወዲያውኑ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይሂዱ። እስከ ነገ አይጠብቁ።
2. ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፤ እጅዎን ከፍ አድርገው ይያዙ።
3. ለማውጣት ብለው አይጭመቁት፤ በሙቅ ውኃም አይዘፍዝፉት።
4. ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግዎት ስለሚችል ምግብና መጠጥ አይውሰዱ።
5. ምን እንደገባና በስንት ሰዓት እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከተቻለ የግሪሱን ወይም የቀለሙን ዕቃ ይዘው ይሂዱ።

አጥቦ ፕላስተር መለጠፍ በቂ አይደለም። «ግሪስ በግፊት ገብቶብኛል» ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ ቁስሉ በቀዶ ሕክምና ባለሙያ መታየት አለበት። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) መከላከያ መርፌም ሊያስፈልግዎት ይችላል።

ሌሎች የአደጋ ምልክቶች

አየር ከተነፋበት በኋላ ሆዱ የተነፋ ወይም ያመመው፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ዓይኑ ያመመው ወይም ማየት የተሳነው፣ ከጆሮው ደም የወጣ ሰው በአስቸኳይ ሆስፒታል መድረስ አለበት። በቀልድ የተጎዳ ሰው አፍሮ ሊደብቅ ይችላል። ቤተሰብ ሳይቆጣ ይጠይቀው።

ቀስ በቀስ የሚመጣ ጉዳት

በአየር የሚሠራ ብሎን መፍቻና ድንጋይ መሰርሰሪያ እጅን ያንቀጠቅጣል። ከረጅም ጊዜ በኋላ ጣቶች ሊደነዝዙና በብርድ ጊዜ ሊገረጡ ይችላሉ። ቁልፍ መቆለፍም ይከብዳል። ይህ ከጀመረዎት ሳይባባስ ሐኪም ያማክሩ፤ በሥራ መሀል እረፍት ይውሰዱ፤ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ። ድምፁም የመስማት ችሎታን ስለሚቀንስ የጆሮ መከላከያ ያድርጉ።

በየቀኑ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

• አየሩን ወደ ሰው አያዙሩ፤ ልብስዎን በብሩሽ ያራግፉ።
• የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ።
• መሣሪያ ከመቀየርዎ በፊት አየሩን ይዝጉ፤ ቱቦው ውስጥ የቀረውንም ያስወጡ።
• የተሰነጠቀ ወይም በሽቦ የታሰረ ቱቦ ይቀይሩ። አየር እያለበት ከተፈታ እንደ አለንጋ ይገርፋል።
• ከታንከሩ ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ በየቀኑ ያፍስሱ። ውኃው ታንከሩን ከውስጥ አዝጎ ሊያፈነዳው ይችላል።
• የታንከሩን የደህንነት ቫልቭ በፍጹም አይድፈኑ።

ሥራ ቦታው ላይ ለማጅ ልጆች ካሉ ይህን ለእነሱም ያስረዱ። አየር የሚቀልዱበት ነገር እንዳልሆነ መጀመሪያ ማወቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው።