ጥቁር ኮከብ ያለበት ባንዲራ

የጋናን ባንዲራ ከሩቅ ያየ ሰው፣ «የእኛ ባንዲራ ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል እንዴ?» ሊል ይችላል። አይፈረድበትም። ቀለሞቹ ያው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ናቸው። እዚያ ግን ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ነው። በቢጫው መካከል ደግሞ ባለ አምስት ጫፍ ጥቁር ኮከብ አለ።

ጋና በምዕራብ አፍሪካ፣ በባሕር ዳር ያለች አገር ናት። እንግሊዞች ሲገዟት ስሟ «የወርቅ ጠረፍ» ነበር። የካቲት 27 ቀን 1949 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ እኩለ ሌሊት ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ ወረደና አዲሱ ወጣ። የነደፉት ወይዘሮ ቴዎዶሲያ ኦኮ የሚባሉ አስተማሪና ሠዓሊ ናቸው።

ወይዘሮዋ ቀለሞቹን ሲመርጡ አገራቸውን ተመለከቱ። አረንጓዴው ደኑና እርሻው ነው። የጋና ገበሬ ካካዎ ይተክላል፤ ቸኮላት የሚሠራው ከዚህ ፍሬ ነው። ቢጫው ከመሬት የሚወጣው ወርቅ ነው። ቀዩ ለነፃነት የሞቱት ሰዎች ደም ነው።

እነማን ሞቱ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ የዚያ አገር ልጆች ለእንግሊዝ ዘምተዋል። በ1933 ዓ.ም. ጣልያንን ለማስወጣት በደቡብ ኢትዮጵያም ተዋግተዋል። ከጦርነቱ ሲመለሱ ግን የተገባላቸው ጡረታ አልተከፈላቸውም። በየካቲት 1940 ዓ.ም. አቤቱታቸውን ይዘው በአክራ ከተማ ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ ሦስቱ ሞቱ። የነፃነቱ ትግል የተፋፋመው ከዚያ ወዲህ ነው።

ኮከቡ የአፍሪካ ነፃነት ምልክት ነው። የጋና ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድንም «ጥቁር ኮከቦች» ይባላል።

ኢትዮጵያ ቅኝ ሳትገዛ በመቆየቷ፣ ለነፃነት የሚታገሉ አፍሪካውያን ቀለሞቿን ይወዱ ነበር። ከጋና በኋላ ጊኒ፣ ማሊና ሴኔጋልም እነዚሁኑ ሦስት ቀለሞች ያዙ፤ እነሱ ጋ ግን ቀለሞቹ ጎን ለጎን ቆመዋል እንጂ አልተነባበሩም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የቢጫው ነገር ነው። በ1956 ዓ.ም. ቢጫው ወጥቶ በቦታው ነጭ ገባ። ለምን ቢባል፣ የፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማ ፓርቲ ባንዲራ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ ስለነበረ ነው። በዚያው ዓመት ከእሱ በቀር ሌላ ፓርቲ እንዳይኖር ተደረገ። እንግዲህ የአገር ባንዲራ የፓርቲውን መልክ ያዘ ማለት ነው። በ1958 ዓ.ም. ወታደሮች ንክሩማን ከሥልጣን አወረዱ፤ በዚያው ወር ቢጫው ተመለሰ። ወይዘሮ ኦኮ እስከ 2007 ዓ.ም. ኖረዋል። ሲሞቱ ባንዲራው መጀመሪያ እንደነደፉት ነበር።