አራቱ ዱቄቶች

ፋውንዴሽን በሚባለው የፊት መዋቢያ ጠርሙስ ውስጥ ካሉት ቀለሞች አብዛኞቹ ዝገት ናቸው። ይህን ስናገር ጓደኞቼ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የብረት ኦክሳይድ የሚባሉት ሦስት ዱቄቶች የብረትና የኦክስጅን ውህዶች ናቸው፤ ቀዩማ ክረምቱን ደጅ ከከረመ ብረት ላይ የምናራግፈው ዝገት የቅርብ ዘመድ ነው። ለመዋቢያ የሚውለው በፋብሪካ ይሠራል፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው እርሳስና አርሰኒክን የመሰሉ መርዞች ሊኖሩበት ስለሚችል። አራተኛው ዱቄት ነጭ ነው፤ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ በግድግዳ ቀለምም በጥርስ ሳሙናም ውስጥ ይገባል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከነጣው እስከ ጠቆረው የተሰለፈው መልክ ሁሉ፣ ጥቂት ጠርሙሶች ሲቀሩ፣ የእነዚህ የአራቱ ልኬት መለያየት ነው።

ፋውንዴሽን ያለ ጥፋቱ ስሙ የጠፋ ዕቃ ነው። «ጭምብል አጥልቃ መጣች» ሲባል ተከሳሹ እሱ ነው። ጭምብል የሚሆነው ግን ቀለሙ የተሳሳተ እንደሆነ ነው፤ ልኩን ያገኘ ፋውንዴሽን ጨርሶ አይታይም። ሰው የሚያየው እንቅልፍ የጠገበ ፊት ነው። ብሩሽ ይሁን ስፖንጅ፣ ክሬም ይሁን ፈሳሽ፣ የልማድ ጉዳይ ነው፤ ፊትን ታጥቦ ቅባት መቀባትማ መነገር ያለበት አይመስለኝም። እዚህ ላይ ማውራት የፈለግሁት ጠይምና ጥቁር ፊትን አመድ ስለሚያስመስለው ነገር ነው።

መርካቶ ግቢ፣ ፒያሳ ውጪ፣ ቦሌ ሂጂ፣ የምትሰሚው ምክር አንድ ነው። ሻጯ ፊትሽን ቃኘት ታደርግና «ከራስሽ አንድ ደረጃ ቀላ ያለውን ውሰጂ፣ ያፈካሻል» ትልሻለች። በክፋት አይደለም፤ ለእሷም እንዲሁ ነው የተነገራት። እኔ ግን ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። አንድ ጊዜ ከማላውቃት ሴት ኋላ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ ይኸው ምክር ሲሰጣት ሰማሁና ጣልቃ ገባሁ፤ ሻጯም ገዢዋም በአንድነት ገላመጡኝ። ጠርሙሱ ተገዛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋውንዴሽን ቀላ እንዲል የሚደረገው ነጩን ዱቄት በመጨመር ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ደግሞ ተራ ነጭ አይደለም፤ ብርሃንን የመስበር ኃይሉ ከአልማዝ ይበልጣል። በስሱ ተቀብቶ እንኳ ሥሩ ያለውን የሚሸፍነው ለዚህ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ብርሃኑን አብዛኛውን ወደ ውስጥ ተቀብሎ፣ የሚመልሰውን ጥቂት ቡናማና ወርቃማ አድርጎ ይመልሳል፤ ያ ከውስጥ የሚወጣ የሚመስለው ወዝ ከዚህ የመጣ ነው። በላዩ ስስ ነጭ ሲለበጥበት ብርሃኑ ቆዳው ጋ ሳይደርስ ከላይ ከላይ ይበተናል። በጠቆረ መደብ ላይ የተበተነ ብርሃን ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያጋድላል። ቡናማው ላይ የነጭና የሰማያዊ ጭጋግ ወረደበት ማለት ነው። እንድትፈካ የተመኘችው ሴት ሆስፒታል ከርማ የወጣች መስላ ትሄዳለች፤ ዘመዶቿም «ምነው፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» ይሏታል።

ሌላው የአመድ መንገድ የሚጀምረው ከፋብሪካው ነው። ለብዙ ዘመን፣ ጠቆር ያለ መልክ ሲፈለግ ለቀላ ፊት የተቀመመውን ወስዶ ጥቁሩን ዱቄት መጨመር የተለመደ አቋራጭ ነበር። ነጭና ጥቁር ሲደባለቁ ግራጫ እንደሚወጣ የሥዕል ቀለም የነካ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የሰው ቆዳ ግን እጅግ የጠቆረው እንኳ ቀይና ቢጫ አያጣም። ይህን አቋራጭ የድሮ ታሪክ የሚያደርጉ አሉ፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዩዝፎሪያ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ጠቆር ያለ መልክ አላዘጋጀም ተብሎ ከተተቸ በኋላ 600 የሚል ቁጥር የሰጠውን ፋውንዴሽን አወጣ። የይዘት ዝርዝሩ ሲታይ ከቀለም የሰፈረበት ጥቁሩ የብረት ኦክሳይድ ብቻ ነበር። አንዲት ጥቁር ገምጋሚ በአንድ ጉንጯ ፋውንዴሽኑን፣ በሌላው ለመድረክ ፊት የሚቀባበትን ጥቁር ቀለም ቀብታ በቪዲዮ አሳየች። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ነበር።

የተሻለውን መንገድ ካሳዩት አንዷ በመዋቢያ አምራቹ ሎሬያል ቤተ ሙከራ የሠራችው ኬሚስት ባላንዳ አቲስ ናት። ለጥልቅ መልኮች ጥቁሩን ከማብዛት ይልቅ አልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊ ተጠቀመች። ሰማያዊ አመድ ያደርጋል ብዬ ሳበቃ አሁን ሰማያዊ መድኃኒት ነው ማለቴ የሚጋጭ ይመስል ይሆናል። አይጋጭም፤ ይህኛው ብርሃን በታኝ አይደለም፤ የብርቱካናማውን ድምቀት ጠጥቶ ቡናማውን ያጠልቀዋል፣ ቀዩንም ቢጫውንም አያጠፋም። አልትራማሪን በጥንት ጊዜ ላፒስ ላዙሊ ከሚባለው ውድ ድንጋይ ይፈጭ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፋብሪካ መሥራት ሲቻል ረከሰ። ነጭ ልብስ ታጥቦ በመጨረሻው ውኃ ሲለቀለቅ የሚጨመርበት ሰማያዊ ዱቄትም ከዚሁ ይሠራ ነበር። የአያት የልብስ ማጠቢያና የልጅ ልጅ መዋቢያ በአንድ ዱቄት መገናኘታቸው ሁሌ ያስቀኛል።

ይህን ሁሉ ከጠርሙሱ ጀርባ፣ በይዘት ዝርዝሩ ካሉት የቀለም ቁጥሮች ማንበብ ይቻላል። 77891 ነጩ፣ 77491 ቀዩ፣ 77492 ቢጫው፣ 77499 ጥቁሩ፣ 77007 አልትራማሪን ነው። ከቁጥሮቹ በፊት የመደመርና የመቀነስ ምልክት ካለ ግን ዝርዝሩ ለሁሉም መልኮች የወል ነውና ስለ ያዝሽው ጠርሙስ ብዙ አይነግርሽም።

በሌላ አገር ጥቁር ሴቶች ልካቸውን ለማግኘት ያደረጉት ትግል ታሪኩ ረጅም ነው። በቺካጎ የኢቦኒ መጽሔት ባለቤቶች በሚያዘጋጁት የፋሽን ትርኢት ላይ ጥቁር ሞዴሎች ልካቸውን ለማግኘት ሁለትና ሦስት ፋውንዴሽን እየደባለቁ ይቀቡ ነበር። ከባለቤቶቹ አንዷ ዩኒስ ጆንሰን ይህን አይታ ከባሏ ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ፋሽን ፌር የተባለውን መዋቢያ መሠረተች። ጎረቤታችን ሶማሊያዊቷ ኢማን ለሞዴልነት አሜሪካ በገባችበት በ1970ዎቹ የመዋቢያ ባለሙያው ፊቷን ግራጫ አድርጎባት እንደነበር፣ ከዚያ በኋላም የራሷን ቅልቅል ይዛ መዞር እንደጀመረች ደጋግማ ተናግራለች፤ በ1994 በስሟ የሚጠራ መዋቢያ አወጣች። የአዲስ አበባዋ ሊያ ከበደ በ2003 የኤስቴ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሞዴል ስትሆን የመዋቢያ ድርጅቱ ከተመሠረተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በ2017 ደግሞ የዘፋኟ የሪሃና መዋቢያ ፌንቲ ቢዩቲ በአንድ ጊዜ 40 መልክ ይዞ ገበያ ገባ፤ ተፎካካሪዎቹም ቁጥር ለማብዛት ተሯሯጡ። በበኩሌ ቁጥር አያስደንቀኝም። 50 መልክ ደርድሮ የጠቆሩትን 15ቱን በጥቁር ዱቄት ብቻ የለያየ ሰው አንድ ፋውንዴሽን ነው የሸጠልኝ።

አሁን ወደ አንደርቶን እንምጣ፤ ከላይ ከሚታየው መልክ ሥር ያለው የቀለም ዝንባሌ ማለት ነው። ሁለት እህትማማቾች እኩል ጠይም ሆነው አንዷ ወደ ቀይ፣ ሌላዋ ወደ ቢጫ ልታደላ ትችላለች፤ የአንዷ ፋውንዴሽን በሌላዋ ላይ አያምርም። ለዚህ መለያ ተብሎ የእጅ ደም ሥር አረንጓዴ ነው ወይስ ሰማያዊ እያሉ መመርመር አለ። ደም ሥሩ እምብዛም በማይታይበት ክንድ ላይ ይህ ምን ሊረዳ ነው? ወርቅ ያምርብሻል ወይስ ብር የሚለውም እንዲሁ፤ አገራችን ሁለቱም የማያምርባት ሴት አይቼ አላውቅም። የሚሠራው ቀጥተኛው መንገድ ነው፤ ጥልቀታቸው እኩል የሆነ አንድ ወደ ቀይ፣ አንድ ወደ ቢጫ ያደላ ፋውንዴሽን ጎን ለጎን ቀብቶ የትኛው እንደሚጠፋ ማየት። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ፊደልም ብቻውን አትመኚ። ማክ በተባለው መዋቢያ ላይ ኤንሲ የተባለው በፊደሉ ቀዝቃዛ ማለት ቢሆንም የሚስማማው ወርቃማና ቢጫማ ለሆነ ቆዳ ነው፤ ሞቃት የሚለው ኤንደብሊው ደግሞ ወደ ቀይ ለሚያደላው።

መሞከሪያው ቦታ የእጅ ጀርባ አይደለም፤ ፀሐይ የመታው እጅ ከፊት ጋር አንድ መልክ የለውም። ከጉንጭ በታች መንጋጋው ላይ ወደ አንገት አሰመሪው፤ ሁለት ሦስት መልክ ጎን ለጎን። ከዚያ ታገሺ። ፋውንዴሽን ከፊት ወዝ ጋር ተዋሕዶ ሲደርቅ ጠቆር የሚልበት ጊዜ አለና ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ። ሱቆቻችን የሚያበሩት ነጭ አምፖል ቀዩን ሁሉ ስለሚያፈዝ መስታወት ይዞ በራፍ ላይ መውጣት ግድ ነው። የጠፋው መስመር ያንቺ ነው።

ደግሞ ፊታችን አንድ መልክ ብቻ አይደለም። ጠይምና ጥቁር ፊት ላይ ግንባርና የከንፈር ዙሪያ መጥቆሩ፣ መሐል ጉንጭ መቅላቱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጠርሙስ መያዝ ቅንጦት አይደለም። ከዓይን ሥር ላለው ጥቁረትና ለማዲያት ደግሞ ነጣ ያለ ኮንሲለር መደረብ እንደገና አመድ መጥራት ነው። መጀመሪያ ብርቱካናማ በስሱ ይቀባል፤ ብርቱካናማው ሰማያዊውን ጥላ ያጠፋዋል፤ ከላዩ ላይ የፊትሽን መልክ ትደርቢበታለሽ። ማዲያቱን ለማጥፋት ምንነቱ ያልታወቀ ማንጫ ክሬም የምትቀቢ ካለሽ ግን ተዪው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፣ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

የሰርግ ፎቶ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በመስታወት ያማረች ሙሽራ በፎቶው ላይ ዱቄት የተነፋባት የምትመስለው ፍላሽ ስለሚያጋልጣት ነው። ቀለም የለሽ ተብለው የሚሸጡት የሲሊካ ፓውደሮችና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለባቸው የፀሐይ መከላከያዎች የፍላሹን ብርሃን መልሰው ወደ ካሜራው ይወረውሩታል። ሙሽራ የምታስውቡ ባለሙያዎች፣ ከሰርጉ ቀን በፊት ጨለም ባለ ክፍል በስልካችሁ ፍላሽ አንድ ፎቶ አንሱ፤ ጉዱ ያኔ ይታያል። ጆሮና አንገትም የሙሽራዋ አካል ናቸው። ስድስቱን ሚዜዎች በአንድ ፓውደር ማስተካከልም የዩኒፎርም ሥራ ነው።

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለች እህትሽ «ለጠይም የሚሆን ላኪልኝ» ብለሽ አታስጨንቂያት፤ ለጠይም የሚሆን የሚባል ነገር የለም። የተስማማሽን ጠርሙስ ሙሉ ስምና የመልኩን ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ላኪላት። እዚሁ የምትገዢ ከሆነም ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዪ፤ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ገበያው ላይ ሞልቷል። ባለ ሱቆችም አንድ መሞከሪያ ጠርሙስና አንድ የእጅ መስታወት ብታስቀምጡ አትከስሩም። ቀብተሽ ወደ ደጅ ወጥተሽ እንድታዪ የማይፈቅድልሽ ሱቅ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዢበት።